ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ የሚደረግ የረጅም ርቀት ሩጫ፦ የልምምድና የገንዘብ አያያዝ መረጃ

በካንሰር ሕመም ዘመድ ወይም ወዳጅ ያጡ፣ ራሳቸው ታክመው የዳኑ፣ እንዲሁም ለምርምር ሥራ አስተዋጽኦ ለማድረግ የሚሹ ዜጎች በረጅም ርቀት ሩጫ ተሳትፈው ገንዘብ የሚያሰባስቡበት ጊዜ አለ። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ላለው ተግባር ለሚዘጋጁ ዜጎች ከልምምድ በፊት ስለሚደረግ የጤና ምርመራ፣ ስለ 16 ሳምንታት የልምምድ ሂደት፣ ስለ ምግብና ስለ መንገድ ደኅንነት፣ እንዲሁም ስለ ገንዘብ አሰባሰብና አያያዝ መሠረታዊ መረጃ ይሰጣል።

ልምምዱና የገንዘብ ማሰባሰቡ ሥራ ተለያይተው የሚታዩ ቢመስሉም የሚጠይቁት ባሕርይ አንድ ነው፤ ሁለቱም ቀስ በቀስ የሚገነቡና በየደረጃው በመዝገብ የሚያዙ ናቸው። በችኮላ የተጀመረ ልምምድ የሯጩን ጤና ይጎዳል። ያለ መዝገብ የተሰበሰበ ገንዘብ ደግሞ የለጋሹን እምነት ያጠፋል። እምነት ሲጠፋም ጉዳቱ በአንድ ሯጭ ላይ ብቻ አይቀርም፤ በሚቀጥለው ዓመት ለዚሁ ዓላማ ድጋፍ በሚጠይቅ ሰው ሁሉ ላይ፣ በመጨረሻም በታካሚው ላይ ይደርሳል።

1. ዳራ

ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ ከተደረጉ ሩጫዎች ሁሉ በስፋት የሚታወቀው የካናዳዊው ወጣት የቴሪ ፎክስ ሩጫ ነው። ቴሪ ፎክስ በአጥንት ካንሰር ምክንያት ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆርጦ በሰው ሠራሽ እግር ይሄድ ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ ከአጭር ርቀት ተነሥቶ ቀስ በቀስ እያሳደገ ከተለማመደ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 12 ቀን 1980 ከአገሩ ምሥራቃዊ ጫፍ ሩጫውን ጀመረ። በ143 ቀናት ውስጥ 5,373 ኪሎ ሜትር ከሮጠ በኋላ ሕመሙ ወደ ሳንባው በመዛመቱ ለማቆም ተገደደ፤ እ.ኤ.አ. ሰኔ 28 ቀን 1981 በ22 ዓመቱ ዐረፈ። በስሙ የሚደረገው ሩጫ በዚያው ዓመት ተጀምሮ በብዙ አገሮች እየተካሄደ ይገኛል።

በኢትዮጵያ ሰፊው ሕዝብ የሚሳተፍበት የጎዳና ሩጫ የተጠናከረው በአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ መሥራችነት የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር ወር 1994 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተካሄደ ወዲህ ነው። የዚህ ሩጫ ርቀት 10 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከሩጫው ጎን ለጎን ለበጎ አድራጎት ሥራዎች ገንዘብ የማሰባሰብ ልማድም አለው። ይኸው አዘጋጅ በሐዋሳ ከተማ የግማሽ ማራቶን ውድድር ያካሂዳል። የግማሽ ማራቶን ርቀት 21.0975 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚህ በታች የቀረበው የልምምድ ሂደት ለግማሽ ማራቶን የተዘጋጀ ነው፤ ለ10 ኪሎ ሜትር የሚዘጋጅ ሰው የመጀመሪያዎቹን 8 ሳምንታት ቢከተል ይበቃዋል።

2. ገንዘቡ የሚደግፈው ምርምር

በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች የጡት ካንሰርና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው። ብዙዎች ወደ ሕክምና የሚመጡት ሕመሙ ከተስፋፋ በኋላ በመሆኑ የመዳን ዕድላቸው ይቀንሳል። ታካሚዎች ለምን እንደሚዘገዩ፣ የትኛው የካንሰር ዓይነት በየትኛው አካባቢ እንደሚበዛ፣ ሕክምና የጀመሩት ለምን ያህል ጊዜ በሕይወት እንደሚቆዩና ስንቶቹ በገንዘብ እጦት ወይም በመንገድ ርቀት ምክንያት ሕክምናቸውን እንደሚያቋርጡ የሚታወቀው በምርምር ነው።

ለዚህ መነሻ የሚሆነው የካንሰር ምዝገባ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ የካንሰር ምዝገባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ እየተካሄደ ነው። መዝጋቢዎች ከልዩ ልዩ የሕክምና ተቋማት የአዳዲስ ታካሚዎችን መረጃ እየሰበሰቡ በአንድ መዝገብ ያጠቃልላሉ። ይህን የመሰለው ሥራ ከውጭ ለሚመለከተው ሰው ጎልቶ አይታይም፤ ነገር ግን መድኃኒት ስንት እንደሚያስፈልግ፣ የጨረር ሕክምና ማሽን የት ቢተከል ብዙ ሰው እንደሚጠቅም ለመወሰን ያለ እርሱ የሚቻል አይደለም።

ስለዚህ ለምርምር የሚሰጥ ገንዘብ የአንድን ታካሚ የሕክምና ወጪ ወዲያውኑ አይሸፍንም። ለመረጃ ሰብሳቢዎች ሥልጠናና መጓጓዣ፣ ለፓቶሎጂ ምርመራ ግብዓቶች፣ ናሙናዎችን ለማቆየትና ታካሚዎችን ለዓመታት ለመከታተል ይውላል። ይህ ልዩነት ለለጋሾች ከመጀመሪያው በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል።

3. ልምምድ ከመጀመሩ በፊት የሚደረግ የጤና ምርመራ

ማንኛውም ጤነኛ ሰው ሳያቋርጥ 45 ደቂቃ በፍጥነት መራመድ ከቻለ ልምምዱን መጀመር ይችላል። የሚከተሉት ሰዎች ግን በቅድሚያ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄደው መመርመር ይኖርባቸዋል።

• ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት በላይ ሆኖ ከዚህ በፊት የአካል እንቅስቃሴ የማያዘወትሩ፤
• የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የአስም፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው፤
• በልጅነታቸው በተደጋጋሚ የጉሮሮ ሕመም ምክንያት የልብ ቫልቭ ጉዳት ደርሶባቸው የሚከታተሉ፤
• በእንቅስቃሴ ጊዜ ደረታቸውን የሚወጋቸው፣ የሚያዞራቸው ወይም ራሳቸውን ስተው የሚያውቁ፤
• ከቅርብ ቤተሰባቸው በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ያላቸው፤
• ነፍሰ ጡር የሆኑ ወይም በቅርቡ የወለዱ እናቶች፤
• የካንሰር ሕክምና በመከታተል ላይ ያሉ ወይም ሕክምናቸውን የጨረሱ።

የካንሰር ሕክምና የወሰዱ ሰዎች ጉዳይ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። አንዳንድ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች የልብን ጡንቻ ሊያዳክሙ ይችላሉ፤ ሕክምናው የደም ማነስ ሊያስከትል ይችላል፤ ካንሰሩ ወደ አጥንት የተዛመተ ከሆነም ሩጫ ስብራት ሊያመጣ ይችላል። በመሆኑም የሚሮጡበትን መጠን የሚወስነው ሕክምናቸውን የሚከታተለው ሐኪም ነው። ሐኪሙ ሩጫን ባይፈቅድና እርምጃን ብቻ ቢፈቅድ፣ ርቀቱን በእርምጃ መሸፈን ወይም በገንዘብ ማሰባሰቡ ክፍል ብቻ መሳተፍ ይቻላል።

4. የ16 ሳምንታት የልምምድ ሂደት

በሳምንት አራት ቀን መለማመድ በቂ ነው። ሁለቱ ቀናት ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ለሚደረግ ቀላል ዱብ ዱብ፣ አንዱ ቀን ለዳገት ወይም ለፍጥነት ለውጥ ልምምድ፣ አንዱ ቀን ደግሞ ለረጅም ሩጫ ይመደባሉ። የዳገትና የፍጥነት ልምምድ ከአምስተኛው ሳምንት በፊት መጀመር የለበትም። የቀሩት ሦስት ቀናት የዕረፍት ናቸው፤ ጡንቻና ጅማት የሚጠነክሩት በዕረፍት ጊዜ በመሆኑ የዕረፍት ቀን እንደ ባከነ ቀን መቆጠር የለበትም።

የየሳምንቱ ረጅም ሩጫ ርቀት እንደሚከተለው ነው።

የመጀመሪያው ምዕራፍ፣ መሠረት መጣል፦ 1ኛ ሳምንት 4 ኪሎ ሜትር፣ 2ኛ ሳምንት 5፣ 3ኛ ሳምንት 6፣ 4ኛ ሳምንት 5። በዚህ ምዕራፍ ሁለት ደቂቃ እየሮጡ አንድ ደቂቃ መራመድ ይፈቀዳል።

ሁለተኛው ምዕራፍ፣ ርቀት ማሳደግ፦ 5ኛ ሳምንት 7፣ 6ኛ ሳምንት 8፣ 7ኛ ሳምንት 10፣ 8ኛ ሳምንት 7።

ሦስተኛው ምዕራፍ፣ ጽናት መገንባት፦ 9ኛ ሳምንት 11፣ 10ኛ ሳምንት 13፣ 11ኛ ሳምንት 14፣ 12ኛ ሳምንት 10።

አራተኛው ምዕራፍ፣ ማጠናቀቂያ፦ 13ኛ ሳምንት 16፣ 14ኛ ሳምንት 18፣ 15ኛ ሳምንት 12፣ 16ኛ ሳምንት የውድድሩ ርቀት።

በየአራተኛው ሳምንት ርቀቱ የሚቀንሰው ሰውነት እንዲያገግም ታስቦ ነው። ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ሯጩ ጥሩ ስሜት ስለተሰማው ብቻ ይህን የቅነሳ ሳምንት ሲዘለው ነው። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለምዳሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ብዙ ወራት ይፈልጋሉ። በሕመም ወይም በሥራ ምክንያት አንድ ሳምንት ያለፈው ሰው ያለፈውን ለማካካስ ሁለት ሳምንት በአንድ ላይ ሊሮጥ አይገባም፤ ካቆመበት ሳምንት ይቀጥላል። ሦስት ሳምንት እና ከዚያ በላይ ያለፈው ግን አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ተመልሶ መጀመር አለበት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው አባባል ለረጅም ርቀት ሯጭ የተነገረ ያህል የተስማማ ነው።

ፍጥነትን ለመመጠን የሚረዳው ቀላል መለኪያ ንግግር ነው። በዱብ ዱብና በረጅም ሩጫ ጊዜ ሯጩ ከጓደኛው ጋር ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ካልቻለ ከአቅሙ በላይ እየሮጠ ነው። እያንዳንዱ ልምምድ በአሥር ደቂቃ ማሟሟቂያ ተጀምሮ በእርምጃና በማፍታታት ይጠናቀቃል።

ከፍታና የመሬት ዓይነት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በአማካይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ የእንጦጦ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ከቆላማ አካባቢ የሚመጣ ሰው በደጋ ሲሮጥ ቶሎ ስለሚያለከልክ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፍጥነቱን መቀነስ አለበት። በደጋ የተለማመደ ሰው በሐዋሳ ሲሮጥ ትንፋሹ ይቀልለዋል፤ ሙቀቱ ግን ይከብደዋል። በሳር ወይም በአፈር ላይ መሮጥ ከአስፋልት ይልቅ ለጉልበት ይመቻል። ረጅም ቁልቁለት በፍጥነት መውረድ ጉልበትን ስለሚጎዳ ቁልቁለቱን በዝግታ መሄድ ይመከራል።

ጫማ። የጫማው ዋጋ መወደድ ዋና ጉዳይ አይደለም። ጫማው ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ያለው፣ ተረከዝ የማያንሸራትትና ሶሉ በአንድ በኩል ያላለቀ መሆን አለበት። ከሰልባጅ የሚገዛ ጫማ ሲሆን የሶሉን አበላል ማየት ያስፈልጋል፤ በሌላ ሰው አረማመድ የተዛነፈ ሶል አዲሱን ሯጭ ይጎዳል። አዲስ ጫማ በውድድር ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መደረግ የለበትም።

5. ምግብ፣ ውሃና ጾም

ለረጅም ርቀት ሯጭ የተለየ ውድ ምግብ አያስፈልገውም። እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር፣ ቆሎ፣ ድንች፣ ሩዝ፣ እንቁላል፣ ጎመንና ፍራፍሬ በቂ ኃይልና ገንቢ ንጥረ ነገር ይሰጣሉ። ከገብስ የሚዘጋጀው በሶ ለመያዝና ለመዘጋጀት ቀላል በመሆኑ ከረጅም ሩጫ በፊትም ሆነ በኋላ ይጠቅማል። ከሩጫው በፊት ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ቀለል ያለ ምግብ መመገብ፣ ከሩጫው በኋላ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ መመገብ ይመከራል።

ውሃ በጥም መጠን ይጠጣል። ያለ ጥም በብዛት ውሃ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ጨው አቅጥኖ ለከፍተኛ አደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ በሚቆይ ሩጫ ላይ ከውሃ በተጨማሪ ጨውና ስኳር ያለው መጠጥ ይጠቅማል።

በጾም ወራት የሚለማመዱ ሰዎች ልምምዳቸውን ከመመገቢያ ሰዓት ጋር ማስማማት ይችላሉ። እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ምእመን ረጅሙን ሩጫ በማይጾምበት ዕለት ቢያደርገው፣ በረመዳን የሚጾም ደግሞ ከማፍጠሪያ በኋላ ወይም ከማፍጠሪያ ጥቂት ቀደም ብሎ ቀለል አድርጎ ቢለማመድ ይሻላል። በጾም ጊዜ ርቀት ማሳደግ አይመከርም። በረጅም የጾም ወራት ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚታቀቡ ሯጮች፣ በተለይም ሴቶች፣ የድካም ስሜት ከበዛባቸው የደም ማነስ ምርመራ ማድረግ ይኖርባቸዋል።

ሕመም ለማስታገስ ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ወስዶ መሮጥ አይገባም። እነዚህ መድኃኒቶች ሰውነት ውሃ ባጣበት ጊዜ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ፤ ከዚህም ሌላ ሯጩ የጉዳት ምልክቱን እንዳይሰማ ያደርጉታል።

6. የመንገድ ደኅንነት

• በመኪና መንገድ ዳር የሚሮጥ ሰው የሚመጡትን ተሽከርካሪዎች ፊት ለፊት እያየ መሮጥ፣ ንጋት ሳይለይ ሲወጣም ደማቅ ወይም የሚያንጸባርቅ ልብስ መልበስ አለበት።
• በጫካና በተራራ አካባቢ ጎህ ሳይቀድ ብቻውን መሮጥ አይመከርም፤ በቡድን መሮጥ ከአውሬም ሆነ ከዝርፊያ ይጠብቃል።
• ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ለማግኘት በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ መተው ሕይወት ያስከፍላል።
• በሩጫ ላይ የደረት ሕመም፣ ያልተለመደ የልብ ምት፣ ራስን መሳት ወይም ግራ መጋባት ከተከሰተ ሩጫው ወዲያውኑ ቆሞ የሕክምና ርዳታ መጠራት አለበት። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ አገልግሎት በ907 የስልክ መስመር ይገኛል።

7. ገንዘብ የማሰባሰብ ሥርዓት

7.1 ተቀባዩን ተቋም መምረጥ። ሯጩ ገንዘቡን የሚያስረክበው በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ለተመዘገበ ድርጅት፣ ወይም የካንሰር ምርምር ለሚያካሂድ ዩኒቨርሲቲ ወይም ሆስፒታል መሆን ይኖርበታል። አንድ ድርጅት መመዝገቡን ለማረጋገጥ የምዝገባ የምስክር ወረቀቱን ማየትና የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣንን መጠየቅ ይቻላል። በሰዎች ላይ የሚካሄድ ምርምር በምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ መጽደቅ ስላለበት፣ ገንዘቡ ለተወሰነ ጥናት የሚውል ከሆነ ጥናቱ መጽደቁን መጠየቅ የሯጩም የለጋሹም መብት ነው።

7.2 የጽሑፍ ስምምነት። ማሰባሰቡ ከመጀመሩ በፊት ሯጩ ከተቀባዩ ተቋም ደብዳቤ መያዝ አለበት። ደብዳቤው የሯጩን ስም፣ ገንዘቡ የሚውልበትን ዓላማ፣ ማሰባሰቡ የሚጀመርበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ እንዲሁም ገንዘቡ የሚገባበትን የባንክ ሒሳብ ይይዛል። ለሕዝብ መዋጮ ማሰባሰብ ተጨማሪ ፈቃድ የሚያስፈልግ መሆን አለመሆኑን ተቀባዩ ተቋም ከባለሥልጣኑ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

7.3 የባንክ ሒሳብ። ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ተቋሙ ሒሳብ መግባት አለበት። በሯጩ የግል የባንክ ሒሳብ ወይም የግል የቴሌብር ቁጥር መሰብሰብ፣ ሯጩ ምንም ያህል ታማኝ ቢሆን፣ አይመከርም። የቤት ወጪና የአደራ ገንዘብ በአንድ ሒሳብ ሲቀላቀሉ ሰውየው ራሱ ሒሳቡን ማስረዳት ያቅተዋል። በጥሬ ገንዘብ የተሰጠ ካለ በማግስቱ ባንክ ገብቶ የገቢ ማድረጊያው ወረቀት ሊቀመጥ ይገባል።

7.4 መዝገብ። እያንዳንዱ ስጦታ በአንድ መዝገብ ላይ በቀኑ፣ በለጋሹ ስም፣ በመጠኑና በደረሰኙ ቁጥር ይመዘገባል። ስሙ እንዳይገለጽ የፈለገ ለጋሽ ስሙ በይፋ አይወጣም፤ ደረሰኙ ግን ይሰጠዋል። ለቲሸርት፣ ለኅትመትና ለውድድር መመዝገቢያ የሚወጣ ወጪ ከስጦታው ላይ የሚቀነስ ከሆነ ለለጋሾች አስቀድሞ መነገር አለበት፤ ሯጩ እነዚህን ወጪዎች ከራሱ ቢሸፍን ግን ይመረጣል።

7.5 ግብ ማስቀመጥ። ግቡ ሯጩ ከሚያውቃቸው ሰዎች ብዛትና አቅም ቢነሣ ይበጃል። ለምሳሌ 40 ሰዎች እያንዳንዳቸው 250 ብር ቢሰጡ 10,000 ብር ይሆናል። በኪሎ ሜትር ቃል መግባትም ይቻላል፤ ለአንድ ኪሎ ሜትር 20 ብር ቃል የገባ ሰው ሯጩ 21 ኪሎ ሜትር ሲያጠናቅቅ 420 ብር ይከፍላል። እንደ ልምምዱ ሁሉ ይህም በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ሰው በማነጋገር ቢሠራ ውጤቱ የተሻለ ነው።

7.6 እድርና የሥራ ቦታ። እድሮች፣ ማኅበራትና የሥራ ባልደረቦች ጥሩ የድጋፍ ምንጭ ናቸው። ሆኖም የእድር ገንዘብ ለቀብርና ለሐዘን የተቀመጠ የአባላት ሀብት በመሆኑ፣ ከእድሩ ካዝና የሚሰጥ ስጦታ በአባላት ጉባኤ መወሰንና በቃለ ጉባኤ መያዝ አለበት። ከሠራተኛ ደመወዝ የሚቆረጥ መዋጮም በእያንዳንዱ ሠራተኛ የጽሑፍ ፈቃድ ብቻ ይፈጸማል።

7.7 የታካሚዎች ክብር። የታካሚን ፎቶግራፍ፣ ስም ወይም የሕክምና ማስረጃ ያለ ጽሑፍ ፈቃዱ ለገንዘብ ማሰባሰቢያ መጠቀም ክልክል መሆኑን እያንዳንዱ ሯጭ ሊገነዘብ ይገባል። ሕፃን ከሆነ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ የሰጠ ሰው በማንኛውም ጊዜ ሐሳቡን መለወጥ ይችላል።

8. ስለ ካንሰር የሚተላለፍ መልእክት

ገንዘብ ለማሰባሰብ የሚሮጥ ሰው ስለ ሕመሙ መጠየቁ አይቀርም። የሚሰጠው መልስ አንድን ሰው ወደ ምርመራ ሊያመጣው ወይም ሊያስቀረው ስለሚችል የሚከተሉትን ነጥቦች በትክክል ማወቅ ይጠቅማል።

• ካንሰር ከታካሚው ጋር በመብላት፣ በመኖር ወይም በመነካካት አይተላለፍም።
• ለምርመራ ናሙና መውሰድ ካንሰሩን ያባብሳል የሚለው ወሬ ታካሚዎችን የሚያዘገይ የተሳሳተ እምነት ነው።
• የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ በተለይ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ዓመት ለሆኑ ሴቶች የሚመከር ሲሆን በብዙ የመንግሥት ጤና ተቋማት ይሰጣል። የመከላከያ ክትባቱም ለልጃገረዶች በአገር አቀፍ ደረጃ መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው።
• በጡት ላይ የወጣ እብጠት ባያምም እንኳ መመርመር አለበት። የጡት ካንሰር በጅምሩ ብዙውን ጊዜ ሕመም የለውም።
• የአካል እንቅስቃሴ የጡትና የትልቁ አንጀት ካንሰርን ጨምሮ የአንዳንድ ካንሰሮችን ሥጋት ይቀንሳል፤ ነገር ግን የሚሮጥ ሰው ካንሰር አይዘውም ማለት አይደለም። የታመመ ሰው ባለመንቀሳቀሱ ነው የታመመው ማለትም ስሕተትና የሚያሳዝን አነጋገር ነው።

9. የውድድሩ ዕለትና ከዚያ በኋላ

ለሐዋሳ ግማሽ ማራቶን ከደጋ የሚጓዙ ሯጮች ከተማዋ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኝ የወባ ሥጋት ባለበት አካባቢ መሆኗን ተገንዝበው በአጎበር ውስጥ መተኛት አለባቸው። ከጉዞው ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከተሰማቸው ድካም ነው ብለው ሳይተዉት የወባ ምርመራ ማድረግ ይገባቸዋል።

በውድድሩ ዕለት በመሮጫ ቁጥሩ ጀርባ ላይ ስም፣ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ስሙ፣ እንዲሁም የቅርብ ቤተሰብ ስልክ ይጻፋል። የመጀመሪያዎቹን 5 ኪሎ ሜትሮች ከልምምዱ ፍጥነት ዝግ ብሎ መሮጥ ይመከራል። ከአቅም በላይ ሲሆን መራመድ ወይም ማቋረጥ ነውር አይደለም፤ የተሰበሰበው ገንዘብ ዓላማውን ያገኘው ሯጩ መስመሩን ስላለፈ ብቻ አይደለምና። ከውድድሩ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ዕረፍት ያስፈልጋል።

የሯጩ ሥራ የሚጠናቀቀው ግን ሪፖርቱን ሲያቀርብ ነው። በ30 ቀናት ውስጥ ጠቅላላ የተሰበሰበውን ገንዘብ፣ የወጣ ወጪ ካለ ዝርዝሩን፣ ወደ ተቋሙ ሒሳብ የገባውን መጠንና የተቋሙን የማረጋገጫ ደብዳቤ ለለጋሾቹ በሙሉ ማሳወቅ ይመከራል። 50 ብር የሰጠ ለጋሽም 5,000 ብር የሰጠም እኩል መረጃ ሊያገኙ ይገባል። ገንዘቡ ለተወሰነ ጥናት የዋለ እንደሆነ ተቋሙ የጥናቱን ሂደት በየጊዜው እንዲያሳውቅ መጠየቅ ይቻላል፤ የምርምር ውጤት ዓመታት ሊወስድ ስለሚችል ለጋሾች ይህንኑ አስቀድመው እንዲያውቁ ያስፈልጋል።

10. በተደጋጋሚ የሚነሡ ጥያቄዎች

ሯጩ ሩጫውን ካላጠናቀቀ ገንዘቡ ይመለሳል?
በአንድ ጊዜ የተሰጠ ስጦታ ለዓላማው እንደተሰጠ ይቆጠራል። በኪሎ ሜትር ቃል የተገባ ከሆነ የሚከፈለው በተሸፈነው ርቀት ልክ ነው። ይህ በቃል መግቢያው ቅጽ ላይ አስቀድሞ ሊጻፍ ይገባል።

ለምርምር የተሰበሰበውን ገንዘብ ለአንድ ችግረኛ ታካሚ ሕክምና ማዋል ይቻላል?
ያለ ለጋሾቹ ፈቃድ አይቻልም። ጉዳዩ አሳዛኝ ቢሆንም ገንዘቡ ለተጠየቀበት ዓላማ ብቻ ይውላል። ለታካሚው የተለየ ማሰባሰብ በራሱ መዝገብና ሒሳብ ሊጀመር ይችላል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት አገር ሮጠው ማሰባሰብ ይችላሉ?
ይችላሉ። የማሰባሰቡ ሥርዓት የሚመራው በሚኖሩበት አገር ሕግ ነው፤ ገንዘቡም በባንክ በኩል በቀጥታ ወደ ተቀባዩ ተቋም ሒሳብ መላክ አለበት።

ገንዘብ አሰባሳቢ ነኝ የሚል ሰው እውነተኛ መሆኑ እንዴት ይታወቃል?
ከተቋሙ የተሰጠውን ደብዳቤ እንዲያሳይ መጠየቅ፣ በደብዳቤው ላይ ያለውን የባንክ ሒሳብ ስም ከተቋሙ ስም ጋር ማመሳከርና ወደ ተቋሙ ደውሎ ማረጋገጥ ይቻላል። ታማኝ ሯጭ እንዲህ ባለው ጥያቄ አይከፋም። ገንዘቡ በግለሰብ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ እንዲገባ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመ ለተቋሙና ለፖሊስ ማሳወቅ ይገባል።

ተጨማሪ የጤና መረጃ የሚፈልጉ ዜጎች በአቅራቢያቸው የሚገኘውን ጤና ጣቢያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማነጋገር፣ ወይም በጤና ሚኒስቴር ነፃ የስልክ መስመር 952 መደወል ይችላሉ።